ፈረንሳይኛውን በራሳችን ፊደል ጽፌ አቃናሁት

ላሊበላ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምሠራው። ፈረንሳዮች ሲመጡ በእንግሊዝኛ አነባበብ አወራቸው ነበር፣ አይገባቸውም። አንዴ አንዲት እናት "ሞኔ" ሲሉኝ "መኒ" መስሎኝ ገንዘብ የጠየቁኝ መሰለኝ። ለካ የፈለጉት መልሳቸውን ነው። በጣም አፈርኩ።

ከዚያ ደብተሬ ላይ የላቲኑን ፊደል ትቼ በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። ሆቴል "ኦቴል"፣ ቪሌጅ "ቪላዥ"፣ ማውንቴን "ሞንታኝ"። ዥ እና ኝ እኮ ድሮም አፋችን ላይ ናቸው፣ ጋራዥ እያልን አይደል ያደግነው? ኤች ድምፅ የለውም። ቃል መጨረሻ ላይ የሚጻፉት ቲ፣ ዲ እና ኤስም አብዛኛውን ጊዜ አይነበቡም፣ ስለዚህ ሬስቶራንት "ሬስቶራን" ይሆናል፣ ያውም "ን"ዋ በአፍንጫ ነው የምትወጣው እንጂ ምላስ አይነካትም።

ፊደላችን ያልያዘልኝ አንድ ድምፅ ነበር። መንገድ "ሩ" ነው፤ ግን እንደኛ "ሩ" ካልነው ጎማ ማለት ይሆናል። ዘዴው ይሄ ነው፦ ምላስ "ኢ" ይላል፣ ከንፈር ብቻ እንደ "ኡ" ይሞጠሙጣል። ቡና እየቆላሁ ሳምንት ሙሉ ተለማመድኩት።

ትናንት አንድ ሽማግሌ የቤተ ጊዮርጊስን መንገድ ጠየቁኝ። በፈረንሳይኛ ነገርኳቸው፣ ሳያስደግሙኝ ሄዱ።