ትንፋሽ አጥሮት መጣ፤ ጣጣው ግን የሆድ ነው

ትንፋሽ ላጠረው ሰው ኦክስጅን መስጠቱን፣ አስሙንና ልቡን ማየቱን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ደሴ ላይ በተረኝነት ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ነው።

ምልክቱ፦ ከበላ በኋላ ድንገት ትንፋሽ አጠረው፣ አቅለሸለሸው። ግራ ደረቱ ላይ አየር ሲገባ አይሰማም።

ሁሉም "ኒሞቶራክስ!" (ደረት ውስጥ ሳንባን የሚጫን አየር) ብሎ ቼስት ቲዩብ (አየሩን የሚያስወጣ፣ በጎድን መካከል የሚገባ ቱቦ) ፍለጋ ይሮጣል። ቆይ! መጀመሪያ ልብሱን አውልቁና ጠባሳ ፈልጉ። ከገደል ወድቆ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪና ተገልብጦበት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ።

መንስኤው፦ ያኔ የተቀደደ ድያፍራም፣ ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ዝም ይልና አንድ ቀን ጨጓራው በቀዳዳው ሾልኮ ደረት ይገባል። ቀኙን ጉበት ስለሚከልለው አብዛኛውን ጊዜ በግራ ነው። እዚያ ሲነፋ ሳንባውን ይጨፈልቃል፣ ልቡን ወደ ቀኝ ይገፋል።

አንድ የአምባሰል ገበሬ ከሰርግ መልስ እናቱ ይዘውት መጡ። ያግሳ ብለው ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ አጠጥተውታል! ሆዱ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል።

"እናቴ፣ ተጎድቶ ያውቃል?"

"ኧረ ልጄ፣ ምንም።"

ጎድኑ ስር ጣት የሚያክል ጠባሳ አለ።

"ይሄስ?"

"እሱማ በሬ ወግቶት ነው። ድሮ ነው፤ አልሐምዱሊላህ ድኗል!"

ባልደረባዬ ቼስት ቲዩብ ሊያስገባ ምላጩን ይዞ ቆሟል። ስቴቶስኮፑን ደረቱ ላይ ባደርግ እንደ ሆድ ይንቦጫቦጫል።

መፍትሄው፦ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚወርድ ቱቦ) አስገቡ። የገበሬው ለስላሳና አየር እንደወጣ መናገር ጀመረ። ቀጥሎ ራጅ፤ የቲዩቡ ጫፍ ደረት ውስጥ ተጠቅልሎ ከታየ ወደ ቀዶ ሕክምና። ቲዩቡ አፍ ውስጥ ሊጠቀለል ይችላል፤ አፉን አስከፍታችሁ እዩ። አልገባ ካለ አትታገሉ፤ ጨጓራው ተጠምዝዞ ይሆናል፣ ቀዶ ሐኪም ቶሎ ይጠራ።

በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት) አትንፉበት፤ ጨጓራውን ይብስ ያሳብጠዋል። ቼስት ቲዩብ ደግሞ ጨጓራ ይበሳል። ከደረት ምግብ ሲወጣ አንዴ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ትንፋሽ የሚያሳጥሩ ሌሎች የሆድ ጣጣዎችም አሉ። ከኃይለኛ ትውከት በኋላ ደረቱን አሞት የአንገቱ ቆዳ ሲነካ ከተንኮሻኮሸ፣ የምግብ ቧንቧው ተቀዶ ይሆናል፤ በአፉ ጠብታ ውሃ አይግባ፣ አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ለቀዶ ሐኪም ይነገር። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ፣ ትልቁ አንጀት ተጠምዝዞ ድያፍራሙን እየገፋው ይሆናል፤ ሆዱ ሲነካ እንደ እንጨት ካልደረቀ በፊንጢጣ ቲዩብ ይተንፍስ። ትኩሳት ኖሮት ቀኝ ደረቱ ፈሳሽ ከሞላ፣ ጉበት ላይ የቋጠረ መግል ፈንድቶ ይሆናል። በመርፌ ስባችሁ ቡናማ መግል ከመጣ፣ ያን የቸኮላችሁለትን ቼስት ቲዩብ አሁን አምጡት።