የማን ፒቸሮች ይበልጣሉ? የቤዝቦል ክርክርን በማስረጃ እንዴት ማካሄድ እንደሚቻል

ቤዝቦልን የለመድኩት ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስኖር ነው። ሕጉ እስኪገባኝ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ክርክሩ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። አገር ቤት «አርሴናል ይሻላል ማንቼ?» እየተባባልን ላደግን ሰዎች የደጋፊ ሙግት አዲስ አይደለም።

በቤዝቦል የማያልቀው ሙግት ስለ ፒቸሮች ነው። ፒቸር ማለት ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ነው። ከመቺው 18 ሜትር ከ44 ሴንቲ ርቆ ይቆማል። እሱ ካልወረወረ ምንም ነገር አይጀመርም። ታዲያ ደጋፊዎች ሲገናኙ አንዱ የኮከቡን ስም ይጠራል፣ ሌላው የራሱን ኮከብ ይጠራል፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ጥያቄው ግን ስለ አንድ ሰው አይደለም። ስለ ሙሉ ስብስቡ ነው። እኔ የምሄድበት መንገድ ይኸውላችሁ።

1. ጥያቄውን አጥብቡት

መጀመሪያ «ምርጥ ለምኑ?» በሉ። በአሜሪካው ዋና ሊግ መደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ አለው፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታሉ። እዚያ ላይ አምስት ስታርተር፣ ማለትም ጨዋታ የሚከፍት ፒቸር፣ ያስፈልጋል። በኦክቶበሩ የጥሎ ማለፍ ውድድር ግን የእረፍት ቀናት ስላሉ ሦስት ጎበዝ ስታርተሮች ቡድኑን ተሸክመው ሊሄዱ ይችላሉ።

ልዩነቱን አትላንታ ብሬቭስ ላይ ታዩታላችሁ። ግሬግ ማደክስ፣ ቶም ግላቪንና ጆን ስሞልትዝ የነበሩበት ቡድን ነው። ከ1991 እስከ 2005 በተከታታይ 14 ጊዜ ምድቡን አሸነፈ (የ1994ቱ ውድድር በተጫዋቾች አድማ ስለተቋረጠ አይቆጠርም)። የዓለም ሻምፒዮን (የሊጉን የመጨረሻ ዋንጫ የሚያነሳው ቡድን እንዲህ ይባላል) የሆነው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1995። ለወራት የሚበልጥ ቡድንና ለጥቂት ሳምንታት የሚበልጥ ቡድን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የቱን እንደምትፈልጉ ሳትስማሙ አትጀምሩ።

2. ስሞችን ሳይሆን ኢኒንጎችን ቁጠሩ

አንድ ጨዋታ 9 ኢኒንግ፣ ማለትም 9 ዙር፣ ነው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሦስት ተጋጣሚ አውት መሆን፣ ማለትም ከሜዳ መውጣት፣ አለበት። ስለዚህ የአንድ ምሽት ሥራ 27 አውት ነው። በ162 ጨዋታ ሲባዛ ወደ 1,458 ኢኒንግ ይመጣል።

አሁን ወረቀት አውጡ። ዛሬ አንድ ስታርተር በዓመት 180 ኢኒንግ ከወረወረ ትልቅ ነገር ነው። አምስቱም ይህን አደረጉ እንበል፤ በጣም ከባድ ነው፣ ግን እንበል። 900 ሆነ። የቀረውን 558 ማን ይወረውረዋል? ከስታርተሩ በኋላ ተቀይረው የሚገቡት፣ ቡልፔን የሚባሉት ናቸው። ቡድን ካሉት 26 ተጫዋቾች እስከ 13ቱ ፒቸር መሆን ይችላሉ። አስራ ሦስቱንም ጻፉ፤ ከስማቸው ጎን የወረወሩትን ኢኒንግ አስቀምጡ። ገና በዚህ ብቻ ብዙ ክርክር መልኩን ይቀይራል።

3. የድል ቁጥሩን ተዉት፣ ኢ አር ኤን ያዙ

በድሮው አቆጣጠር ፒቸር የሚመዘነው «ስንት አሸነፈ፣ ስንት ተሸነፈ» ተብሎ ነበር። በ2018 የኒው ዮርክ ሜትሱ ጄኮብ ዲግሮም 10 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ተራ ሰው ይመስላል። ግን ኢ አር ኤው (ዝቅ ሲል የሚሻል መለኪያ ነው፣ ሒሳቡን ወዲያው እነግራችኋለሁ) 1.70 ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሸለመውን ሳይ ያንግም ወሰደ። እሱ ሲወረውር የቡድን ጓደኞቹ ነጥብ ካላስቆጠሩ ምን ያድርግ?

ኢ አር ኤ ቀላል ሒሳብ ነው። በተከላካይ ስህተት የገባውን ትቶ፣ በፒቸሩ ላይ የተቆጠረውን ነጥብ በ9 አባዝቶ ለወረወረው ኢኒንግ ማካፈል ነው። በ180 ኢኒንግ 60 ነጥብ የሰጠ ሰው 3.00 ይሆናል። ዝቅ ሲል ጥሩ ነው።

4. የተከላካዮቹን ድርሻ ለዩ

ግብ ጠባቂን አስቡ። ግብ ያልገባበት ከፊቱ ያሉት ተከላካዮች ግንብ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል። ፒቸርም እንደዚያው ነው። መቺው ኳሷን ሜዳ ውስጥ ከመታት በኋላ የሚሆነው ነገር በአብዛኛው የሜዳ ተጫዋቾቹ ጉዳይ ነው። በ2001 ቮሮስ ማክራከን የተባለ ተንታኝ ይህን ሲጽፍ ብዙ ሰው አላመነውም። ዛሬ ፊፕ የሚባለው መለኪያ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ፊፕ የሚያየው ተከላካይ የማይነካቸውን ነገሮች ነው፤ ስትራይክአውት (መቺው ኳሷን ሜዳ ውስጥ ሳይመታ አውት ሲሆን)፣ ዎክ (ፒቸሩ ደጋግሞ ስለሳተ መቺው በነጻ ሲያልፍ)፣ በኳስ የተመታ መቺና ሆም ራን (ከሜዳው አጥር ውጪ የሚሄድ፣ ነጥብ የሚያስገኝ ምት)።

የፊፕን ቀመር መያዝ ለሚያስቸግረው አንድ አቋራጭ አለ፣ እኔም በጣም የምወደው እሱን ነው። ቡድኑ ከገጠማቸው መቺዎች ውስጥ ስንቱን በመቶኛ በስትራይክአውት አስወጣ? ከዚያ ላይ በዎክ በነጻ ያሳለፈውን መቶኛ ቀንሱ። ከ1,000 መቺ 250ውን አስወጥቶ ለ80 ዎክ ከሰጠ 25 ሲቀነስ 8፣ 17 ይሆናል። የቅርብ ዓመታት የሊጉ አማካይ 14 አካባቢ ስለሆነ 17 ያለው ቡድን በእርግጥ ጠንካራ ነው።

5. የሚጫወቱበትን ሜዳ አትርሱ

ይሄን እኛ በቀላሉ እንረዳዋለን። የኮሎራዶ ሮኪስ ሜዳ ያለው ዴንቨር፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ዴንቨር ለእኛ ቆላ ልትመስል ትችላለች። ለቤዝቦል ግን ከፍታዋ በቂ መከራ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች። በዚያው ምክንያት ፒቸሩ አሽከርክሮ የሚወረውራት ኳስ የምትታጠፈውን ያህል አትታጠፍም፤ አየር ካልያዛት በምን ትታጠፍ? ከ2002 ጀምሮ ክለቡ ኳሶቹ እንዳይደርቁ እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ረድቷል፣ ግን ችግሩን አላጠፋውም።

ስለዚህ የሮኪስን ኢ አር ኤ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚጫወት ቡድን ጋር እንዲሁ ማወዳደር ግፍ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከሜዳቸው ውጪ ያደረጉትን ለብቻ ማየት። ሁለተኛው ኢ አር ኤ ፕላስ የሚባለውን መጠቀም ነው። እሱ ሜዳውንና ዘመኑን ያስተካክላል፤ 100 አማካይ ነው፣ ከዚያ በላይ የተሻለ ነው። የተለያየ ዘመን ቡድኖችን ስታወዳድሩም ይህን ያዙ። በ1968 ፒቸሮች በጣም ስለበረቱ በቀጣዩ ዓመት የሚቆሙበት ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ዝቅ እንዲል ተደርጓል። የዚያን ዘመን ቁጥር በዛሬው ዓይን ማንበብ ያሳስታል።

6. ቡልፔኑን ለብቻው መርምሩ

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስታርተሩ ሁለት ተጋጣሚ ቤዝ ላይ (ሯጮች ነጥብ ለማስቆጠር በሚያልፉባቸው ማረፊያዎች ላይ) ትቶ ወጣ እንበል። ተተኪው ገብቶ ሁለቱም ነጥብ አገቡበት። ነጥቡ የሚመዘገበው በወጣው ሰው ላይ ነው፤ የተተኪው ኢ አር ኤ ንጹህ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ተተኪ ስታወሩ፣ ከተቀበላቸው ሯጮች ስንቶቹ እንደገቡበት ጠይቁ።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት የ2019 ዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግና ፓትሪክ ኮርቢን የሚባሉ አስደናቂ ስታርተሮች ነበሩት። ቡልፔኑ ግን ያሳቅቅ ነበር፤ በመደበኛው ዘመን ኢ አር ኤው ከ5 በላይ ነው። ሰባተኛው ኢኒንግ ሲደርስ ልብ ይወጣል። ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነው የጀመረው።

ለዋንጫው የገጠማቸው ሂዩስተን አስትሮስ ነው። ጀስቲን ቨርላንደር፣ ጌሪት ኮል፣ ዛክ ግሬንኪ። ቨርላንደር በዚያ ዓመት 300፣ ኮል 326 ስትራይክአውት አስመዝግበዋል። በወረቀት ላይ ሂዩስተን ይበልጣል፤ እኔም ያኔ ብጠየቅ እንደዚያ ነበር የምለው።

የዋሽንግተን አሰልጣኝ ግን ደካማውን ቡልፔን ሸሸገው። ስታርተሮቹን በተተኪነት አስገባቸው። በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ሸርዘር 5 ኢኒንግ ወረወረ፣ ኮርቢን 3፣ ዳንኤል ሃድሰን 1። በሦስት ሰው 27 አውት ሞላ። በሌላ በኩል ግሬንኪ 2 ለ 1 እየመራ በሰባተኛው ኢኒንግ ወጣ። ተተኪው የሃዊ ኬንድሪክን ሆም ራን በላ። ኮል ሰውነቱን አሟሙቆ ነበር፣ ሳይገባ ቀረ። ውጤቱ 6 ለ 2። ስለዚህ ስብስብ ስትመዝኑ አሰልጣኙ ማንን መቼ እንደሚያስገባ አብራችሁ መዝኑ።

7. ጤናቸውን አረጋግጡ

የፒቸር ክንድ ይጎዳል። በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ በቶሚ ጆን ላይ የተደረገውና በስሙ የሚጠራው የክርን ቀዶ ሕክምና ዛሬ የተለመደ ነው፤ ግን ሰውዬውን ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ሊያርቀው ይችላል። ዝርዝራችሁ ላይ ያለው ኮከብ አሁን እየወረወረ ነው ወይስ እያገገመ? ስድስተኛውና ሰባተኛው ስታርተር እነማን ናቸው? ያን የማያውቅ ሰው ስብስቡን አያውቀውም።

8. «ግን ተሸነፉ!» ሲሏችሁ

ይህን መልስ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁት፣ መምጣቱ አይቀርም። የ2011 ፊላደልፊያ ፊሊስ ሮይ ሃላዴይ፣ ክሊፍ ሊ፣ ኮል ሃመልስና ሮይ ኦስዋልት ነበሩት። የቡድኑ ኢ አር ኤ 3.02 ነበር፤ 102 ጨዋታ አሸነፈ። በእኔ እምነት በዚህ ክፍለ ዘመን ለሙሉ የውድድር ዘመን ከዚያ የተሻለ የስታርተሮች ስብስብ አላየሁም። ግን በመጀመሪያው ዙር በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ተሰናበተ።

እንዲህ ስትባሉ ሰውዬውን ወደ ወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ ውሰዱት። ገና የሴንት ሉዊስ የመጀመሪያው መቺ ሦስተኛው ቤዝ ደረሰ፣ ሁለተኛው መትቶ አስገባው። ከዚያ በኋላ ሃላዴይ እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ድረስ ወረወረ፤ ሌላ ነጥብ አልሰጠም። በተቃራኒው ወገን በቶሮንቶ ቡድን የቀድሞ ጓደኛው የነበረው ክሪስ ካርፔንተር ዘጠኙንም ኢኒንግ ምንም ነጥብ ሳይገባበት ጨረሰ። ውጤቱ 1 ለ 0። ከዚያ ጠይቁት፦ ከፊላደልፊያ ፒቸሮች የትኛው ነው ያን ምሽት ያጠፋው?