የካሜራ ቦዲ መቀየር ያስፈልግ እንደሆነ እንዴት ይወሰናል?

የዲኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ቦዲዎን፣ ማለትም ያለ ሌንሱ የካሜራውን አካል፣ ለመቀየር ካሰቡ፣ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ባለፈው አንድ ዓመት አንስተው ለደንበኛ ሳይሰጡ ያስቀሯቸውን ፎቶዎች በኮምፒውተር ላይ በሙሉ መጠናቸው ከፍተው ይመልከቱ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የተመዘገበው መረጃ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት)፣ የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነትና የአፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ቁጥር ስለሚያሳይ የጉድለቱን ምንጭ ለመለየት ይረዳል። ፎቶው በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳበ ከሆነ እጅዎ ተንቀጥቅጧል፤ ግድግዳው ጥርት ብሎ የሚጨፍረው ሰው ብቻ ከደበዘዘ ሹተሩ ዘግይቷል፤ ከሙሽራዋ ፊት ይልቅ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ከጠራ ፎከሱ ስቷል፤ ሁሉም በቦታው ሆኖ ጥላው ውስጥ አሸዋ የተበተነ ከመሰለ ደግሞ ኖይዝ ነው። ከእነዚህ ጉድለቶች መካከል አንዱ በተደጋጋሚ የሚታይ ካልሆነ፣ ቦዲ ለመቀየር የሚያበቃ ምክንያት ገና አላገኙም።

በሐረርና በድሬዳዋ የሚሠራን ፎቶ አንሺ አብዝቶ የሚፈትነው የብርሃን ነገር ነው። በቀን፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ወይም በጁገል ጠባብ መንገዶች ውስጥ፣ 10 ዓመት ያገለገለ ቦዲ እንኳ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ሠርጉ ብርሃን በአብዛኛው በበሩ በኩል ብቻ በሚገባበት ጌይ ጋር (የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት) ውስጥ ሲሆን፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የሐረሪዎች በዓል ሸዋል ኢድ በምሽት ሲደምቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ ከቦዲ በፊት ሌንስን ማስላት ይገባል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው የተለመደ ሌንስ፣ ወደ 50 ሚሊሜትር ሲቀርብ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ድረስ ብቻ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በርካሽ ዋጋቸው ከሚታወቁት ሌንሶች አንዱ የሆነው የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ በተመሳሳይ ስፍራ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በ1/15 ሰከንድ ይነሳ የነበረው ፎቶ አይኤስኦው ሳይጨምር በ1/125 ሰከንድ ይነሳል ማለት ነው። በአንጻሩ ብርሃኑን ከሚቀበሉት ሴንሰሮች መካከል አነስተኛው የካኖን ክሮፕ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር፣ ትልቁ ፉል ፍሬም ደግሞ 36 በ24 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ወደ ፉል ፍሬም በመሸጋገር የሚገኘው የስፋት ብልጫ 2.6 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ችግሩ የብርሃን ማነስ ሆኖ ሳለ ሰፊ አፐርቸር ያለው ሌንስ ሳይሞክሩ ለቦዲ ገንዘብ ማውጣት፣ በእኔ እምነት፣ ቅደም ተከተሉን የሳተ ውሳኔ ነው።

ሆኖም ይህ ሌንስ የማይፈታው ችግር አለ። በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ጠባብ ስለሆነ በሁለት ረድፍ የቆሙ ቤተሰቦችን በአንድነት አጥርቶ ማንሳት ያስቸግራል፤ በካኖን ክሮፕ ሴንሰር ላይም የ50 ሚሊሜትሩ ዕይታ እንደ 80 ሚሊሜትር ስለሚጠብ፣ ክፍሉ ትንሽ ከሆነ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ አይኖርም። ፉል ፍሬም ዋጋውን የሚያወጣው፣ እንዲህ ያለው ጠባብና ጨለም ያለ ክፍል የዘወትር የሥራ ቦታዎ ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜም ወጪው የቦዲው ብቻ እንዳልሆነ ያስቡ፤ ለክሮፕ ሴንሰር የተሠሩት የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች በካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገጠሙም። ለክሮፕ ሴንሰር የተሠሩት የኒኮን ዲኤክስ ሌንሶች ግን በኒኮን ፉል ፍሬም ላይ ይገጠማሉ፤ ነገር ግን የሴንሰሩን መሐል ብቻ ስለሚጠቀሙ የፉል ፍሬሙ ዲ750 24 ሜጋፒክስል (24 ሚሊዮን የምስል ነጥብ) ወደ 10 ገደማ ይወርዳል።

ሜጋፒክስል ግን ለመቀየር በቂ ምክንያት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የኤ3 ወረቀትን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 17.4 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ከ18 ወደ 24 ሜጋፒክስል መሸጋገርም የፎቶውን ወርድ የሚጨምረው በ16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ጉድለቱ የፎከስ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ካኖን 700ዲ 9 የፎከስ ነጥቦች ሲኖሩት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 80ዲ 45 አለው፤ የሚሮጡ ልጆችን ወይም ኳስ ጨዋታን ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ የሚሰማ ነው። ፉል ፍሬም የሆነው 6ዲ ያለው 11 ነጥብ ብቻ ቢሆንም የመሐለኛው ነጥብ በጨለማ ብርቱ ነው። ስለዚህ ውድ ወይም ትልቅ ሴንሰር ያለው ቦዲ በሁሉም ነገር ይበልጣል ብሎ መደምደም አይገባም።

ወደ ሚረርለስ (መስታወት አልባ ካሜራ) መሸጋገርንም አብረው ይመዝኑ። የካኖንም የኒኮንም የመጨረሻ አዳዲስ ዲኤስኤልአር ቦዲዎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች ግን በአዳፕተር (በማገናኛ) በአዲሶቹ ቦዲዎች ላይ በሚገባ ይሠራሉ። ባትሪው ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በኩባንያው መለኪያ 80ዲ በአንድ ሙሌት 960 ፎቶ ሲያነሳ የካኖን ሚረርለስ የሆነው ኢኦኤስ አር 370 ያነሳል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሙሉ ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ የተጨማሪ ባትሪዎችን ዋጋ በጀቱ ውስጥ ማስገባት ይጠይቃል።

ከወሰኑ በኋላ፣ የሚቻል ከሆነ የሚፈልጉትን ቦዲ ከሙያ ባልደረባ ተውሰው ወይም ተከራይተው በራስዎ ሌንስ አንድ ሙሉ ሥራ ይሥሩበት። በድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ከግለሰብ ያገለገለ ቦዲ ሲገዙ፣ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቁ፤ ኒኮን ቁጥሩን ከፎቶው ጋር ይመዘግባል፤ ለአብዛኛው ካኖን ግን ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሶፍትዌር ማንበብ ያስፈልጋል። የ6ዲ ሹተር ለ100,000፣ የ5ዲ ማርክ 3 ደግሞ ለ150,000 ጊዜ የተሠራ ነው። ቀጥሎ አፐርቸሩን ኤፍ 22 ላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ያንሱና ጥቋቁር ነጠብጣቦችን ይፈልጉ። የራስዎንም ካሜራ አስቀድመው በዚሁ መንገድ ይፈትሹ፤ የድሬዳዋ አቧራ ሌንስ በሚቀየርበት ጊዜ ገብቶ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ይህም በጽዳት የሚወገድ እንጂ ቦዲ የሚያስቀይር አይደለም።

አሮጌውን ቦዲ ለመሸጥ አይቸኩሉ። በሠርግ ቀን አንዱን ቦዲ በሰፊ ዕይታ ሌንስ፣ ሌላውን በ50 ሚሊሜትሩ ይዘው ከዞሩ በአቧራ መሐል ሌንስ መቀየር አይኖርብዎትም፤ አንደኛው ቦዲ ድንገት ሥራ ቢያቆምም የሙሽሮቹ ፕሮግራም ሳይቋረጥ በሌላው ይቀጥላሉ።