ኤሲው ውኃ ሲያንጠባጥብ መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኤሲ ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስታዲየም አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችኝ አንዲት ክፍል ሁለት የስፌት መኪናና ቀኑን ሙሉ የማይበርድ የእንፋሎት ካውያ አለ። መስኮቴ ወደ ምዕራብ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ሰርግ በሚደራረብበት ሰሞን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክፍሏ ምጣድ ትሆናለች። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ተክሎት የሄደውን ኤሲ እንደ ጸጋ ነበር የማየው።

ባለፈው ሚያዝያ ጸጋው የሙሽራ ቀሚስ ላይ አንጠባጠበ። ነጭ ሸማ፣ ጥለቱ ገና ያልተሰፋ፤ ሳንቲም የምታክል ቡናማ ጠብታ፣ ከአጠገቧ ሌላ። ባለሙያ ጠራሁ። ሽፋኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋዝ አልቋል» አለኝ፤ ሞላ፣ ከፈልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ያው ጠብታ ተመለሰ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኤሲ ውኃውን የሚለቅመው ከክፍሉ አየር ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው፣ በውስጡ ያለው ቀዝቃዛ የቧንቧ ጥቅል፣ ኮይሉም ያልበዋል። ላቡ ከሥሩ ወዳለች ትንሽ አሸንዳ ይወርድና በቱቦ ወደ ውጭ ይሄዳል። የእኔ ካውያ ሲተነፍስ የሚውለው እንፋሎትም መመለሻው እዚያ ነው። ስለዚህ ውኃ መኖሩ ጤና ነው፤ የምንፈልገው መንገድ የሳተበትን ቦታ ነው። ቦታውን ደግሞ ሰዓቱ ይናገራል።

ከሁሉ በፊት ግን ኤሲውን በሪሞት ብቻ ሳይሆን ከብሬከሩ አጥፉት። ከሥሩ ያለውን ዕቃ አንሱና ሳፋ አስቀምጡ።

ኤሲው እየሠራ የሚያንጠባጥብ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው። የእኔም ችግር ይኸው ነበር። ጫፉ በረንዳዬ ላይ ስለሚወጣ ዕድለኛ ነኝ፤ የእናንተ ከፎቅ ውጭ ተንጠልጥሎ ከሆነ በመስኮት ተንጠራርታችሁ እንዳትነኩት። እኔ መጀመሪያ በብስክሌት መንፊያ ነፋሁበት። ቆሻሻው ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳዬን አበላሸው። ትክክለኛው መንገድ ከውጭ በኩል መሳብ ነው። ምድር ላይ መኪና ከሚያጥቡት ልጆች ውኃ የሚስበውን ማጽጃቸውን ተዋስኩ፣ አፉን ከቱቦው ጫፍ ጋር ገጥሜ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ አፈንኩት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል አስነሣሁት። የወጣው ነገር የጠላ አተላ ይመስል ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ፣ በመካከሉ ቀይና አረንጓዴ የጥበብ ክር የተጠቀለለበት። የዓመት ሥራዬን እዚያ ውስጥ አየሁት።

ከተሳበ በኋላ ሽፋኑን ክፈቱና ለብ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጨምራችሁ ወደ አሸንዳዋ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ኤሌክትሪክ ያለበትን ጎን አታስነኩ። በውጭ በኩል ሳይቆራረጥ ከወረደ ተከፍቷል ማለት ነው። በረኪና ይቅር፤ የኮይሉን አሉሚኒየም ይበላል፣ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውኃ በፈረቃ በሆነበት ሰሞን ረዳቴ ጠብታው አይባክን ብላ የቱቦውን ጫፍ ጀሪካን ውስጥ ከታው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም በዚያ ውኃ ወለል እወለውላለሁ። ነገር ግን ጫፉ ውኃው ውስጥ ከጠለቀ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና ፍሰቱን ይይዘዋል። ጫፉ ከውኃው በላይ ይንጠልጠል፤ ቱቦውም እስከ መጨረሻው ቁልቁል ይውረድ፣ የትም ቦታ ላይ ሆድ አያውጣ። ኤሲው ራሱ መዝመሙን ለማወቅ ደግሞ ግንበኞች የሚይዙት ውኃ ልክ ይበቃል። ወደ ቱቦው ጎን ትንሽ ቢያዘነብል አይጎዳም፣ በተቃራኒው ካዘነበለ ግን አሸንዳዋ ሞልታ ትፈሳለች።

ውኃው የሚመጣው ኤሲው ከጠፋ በኋላ፣ በተለይ መብራት ድንገት ሲሄድ ከሆነ፣ ኮይሉ በረዶ ሠርቷል። በረዶው ሲቀልጥ ውኃው በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ አሸንዳዋ አትችለውም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ነው። አውጥታችሁ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እኔ የጥጥ ብናኝ ስላለብኝ በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ፤ ለሌላ ቤት በወር አንዴ ይበቃል። በረዶውን በቢላዋ አትፈልፍሉ፣ ኮይሉን ትበሱታላችሁ። አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ ማድረግም ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ሃያ አራት ላይ ተዉት። ማታ ውጭው ሲበርድ ደግሞ መስኮት መክፈት ከኤሲ ይሻላል።

ኤሲውን ሳትነኩት ዝናብ ሲጥል የሚንጠባጠብ ከሆነ የክረምት ውኃ ነው። ቧንቧው የሚያልፍበት የግድግዳ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አዘንብሎ ተበስቷል ወይም ዙሪያው አልተደፈነም። ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ከውጭ በኩል በሲሊኮን አስደፍኑት። ኤሲው ቤቱን እንዲያሞቅ ስታደርጉት ከቤት ውጭ የተሰቀለው የኤሲው አካል ውኃ ቢያንጠባጥብ ግን ምንም አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

ጋዝ የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው፤ ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ አሁንም በረዶ ከሠራና ቅዝቃዜውም ከደከመ። ጋዙ በዝግ መስመር ስለሚዞር እንደ መኪና ነዳጅ አያልቅም፤ ከጎደለ ሾልኳል። ባለሙያው ከመሙላቱ በፊት «በየት በኩል ወጣ?» በሉት። የሚያውቅ ሰው መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሻል፣ የጋዙንም ዓይነት ከውጭው አካል ላይ ካለው ጽሑፍ ያነባል። አር 32 ከሆነ ሊቀጣጠል ስለሚችል በራሳችሁ እንዳትሞክሩት።

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ከኤሲው ሥር ጋዜጣ ዘርግታችሁ ግማሽ ቀን አሠሩት። ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ጨርቃችሁን መልሱ።

ቀሚሱን? ጠብታው ያረፈበት ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ነበር። ጥለቱን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ሰፋሁበት። ሙሽራዋ እስካሁን አልጠየቀችኝም።