በር ላይ በር፦ የድመት መግቢያ መውጫ እንዴት ይሠራል?

ደሴ ላይ ድመት ያለው ሰው የሌሊቱን ክርክር ያውቀዋል። ድመቷ ልውጣ ትላለች። ከከፈታችሁላት ብርዱ ይገባል፤ ካልከፈታችሁላት በሩን እየቧጨረች ስታለቅስ ታድራለች። በሩን ገርበብ አድርጎ መተኛትም አያዋጣም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የጣት ስፋት ክፍተት ካገኘ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ብርዱ ብዙም አያስቸግራችሁም፣ በእሱ ፋንታ ትንኝ አለባችሁ። የሁላችንም መፍትሔ አንድ ነው፦ ከበሩ ግርጌ ድመቷ ብቻ ገፍታ የምትወጣበት፣ በራሱ ተመልሶ የሚዘጋ ትንሽ በር።

ፋብሪካ የሠራው በየሱቁ አይገኝም፣ ስለዚህ እዚሁ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራውን ነው የምነግራችሁ። መቁረጡ ቀላል ነው። ጭንቅላት የሚፈልገው ቦታ መምረጡ ነው፤ ለዚያም ነው ከመሣሪያ በፊት ስለ በሩ ብዙ የማወራው።

በሩን እዩት

የብዙው ቤት የውጭ በር በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ በሆነ የብረት ዘንግ) ፍሬም ላይ የተበየደ ላሜራ ነው። በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ድምፁ ካስተጋባ ላሜራ ብቻ ነው፤ ድፍን ካለ ከጀርባው ቱቦላሬ አለ። ቱቦላሬው በፍጹም አይቆረጥም። በሩን ሳይንጋደድ የያዘው እሱ ነው። ቀዳዳው ላሜራው ብቻ ባለበት ይሁን።

የጣውላ በር ከሆነ ከታች ያለውን ወፍራም አግዳሚ አትንኩ፤ ከእሱ በላይ ባለው ስስ ጣውላ ላይ ቁረጡ። ከፍ አለባት ብላችሁ አትጨነቁ። በውስጥም በውጭም ብሎኬት ወይም የእንጨት ጉማጅ ብታስቀምጡላት ደረጃ ይሆናታል።

የኮምፔንሳቶ በር ግን ውስጡ ባዶ ነው። ከተቆረጠ በኋላ በሁለቱ ልባሶች መሃል ያለውን ክፍተት በአራቱም ጎን በእንጨት ሙሉት። ያለዚያ ቪቴው የሚይዘው ነገር አያገኝም፣ አይጥም ገብታ ትወልድበታለች። ለድመት በር ልሥራ ብሎ ለአይጥ ቤት መሥራት ደግሞ የሰፈር መሳቂያ ያደርጋል።

ተከራዮች፣ እናንተ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት አከራዩን አናግሩ። «ጋሼ፣ በርዎን ልበሳው ነበር» ብሎ መጀመር ግን ጥሩ አይመስለኝም። የተሻለ ዘዴ አለ። በሩ ወይም መስኮቱ ላይ መስታወት ካለ አንዱን መስታወት በጥንቃቄ አውጡትና ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። በልኩ ኮምፔንሳቶ አስቆርጡና የድመቷን በር እሱ ላይ ሥሩት። ስትለቁ መስታወቱን መልሳችሁ ትገጥማላችሁ፤ አከራዩም ምንም አይጎድልበትም። መስታወቱ ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ከሥሩ ሣጥን ወይም ወንበር ይበቃታል። ድመት ናት፣ መዝለሉን እኛ አናስተምራትም።

ልክ መውሰድ

ድመቷ ቆማ ስትበላ ሁለት ነገር ለኩ፦ የትከሻዋን ስፋትና ሆዷ ከወለሉ ያለውን ከፍታ። ለመካከለኛ ድመት 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 18 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀዳዳ ይበቃል። ወፍራም ወንድ ከሆነ 18 በ20 አድርጉት። እርጉዝ ከሆነች ወይም ወደፊት የምትወልድ ከሆነ ሰፋ ያለውን ምረጡ። የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከወለሉ ጋር እኩል ከሆነ የዝናብ ውሃ ይገባል፤ ከሆዷ በላይ ከሆነ ደግሞ በየጊዜው መዝለል ይሆንባታል፣ እየሰነፈች ትመጣለች።

በሩን ከመንካታችሁ በፊት የብስኩት ካርቶን ፈልጋችሁ ቀዳዳውን እሱ ላይ ቁረጡ። ካርቶኑን በሁለት ወንበር መሃል አቁማችሁ ከወዲያ ማዶ ምግቧን አድርጉ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ሳትለጥፍ፣ ጎኗም ሳይታከክ ካለፈች ልኩ ትክክል ነው።

ካርቶኑን አትጣሉት፣ ሌላም ሥራ አለው። ልትቆርጡ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ያዙትና ክንዳችሁን በቀዳዳው እስከ ትከሻ አስገቡ። እጃችሁ የት ይደርሳል? ቁልፉ ጋ ከደረሰ የሌባም እጅ ይደርሳል። ብዙ ሰው ስለ ላይኛው ቁልፍ ብቻ ያስባል። ባለ ሁለት ተከፋች በር ላይ ግን አንደኛው ክንፍ ከታች ወደ ወለል በሚገባ መቀርቀሪያ ነው የሚያዘው፤ እሱ ደግሞ ለቀዳዳው በጣም ቅርብ ነው። ጎንበስ ብሎ በአንድ እጅ ሳብ ማድረግ ነው። ወይ ቀዳዳውን ከመቀርቀሪያው በደንብ አርቁት፣ ወይ መቀርቀሪያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ይግባበት። ካርቶኑ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሩ ላይ መስመር ማስመሪያ ይሆናችኋል።

መቁረጥ

በሩን ፈታችሁ ብየዳ ቤት ብትወስዱት ይቀላል። «ለድመት ነው» ስትሉ መሳቃቸው አይቀርም፤ ይሳቁ። እናንተ ካርቶኑን ስጧቸውና ልኩን አስከብሩ። በግምት ከቆረጡት ውሻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ መጀመሪያ በአራቱ ማዕዘኖች በትራፓኖ አንዳንድ የ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ማዕዘኑ ክብ ስለሚሆን ላሜራው ወደ ጎን አይቀደድም፣ መጋዙም መነሻ ያገኛል። ከዚያ በግራይንደር መስመሩን ይዛችሁ ቁረጡ። መነጽርና ጓንት የግድ ነው። የግራይንደር ብልጭታ ሩቅ ይሄዳል፤ መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ የጋዝ ሲሊንደር በአካባቢው አይኑር። መብራት ከሄደ ሴጌቶ (የእጅ ብረት መጋዝ) አለ፤ እጅ ያደክማል እንጂ ከግራይንደሩ የጠራ ጠርዝ ይሰጣል። ለጣውላ በር ደግሞ ቀጭን መጋዝ ይበቃል።

የተቆረጠው ላሜራ ጠርዝ ምላጭ ነው። በሞረድ አለስልሱት፣ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። የእኛ አገር ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፣ በልግም አለ፤ ነገ እቀባዋለሁ ያላችሁት ጠርዝ ዝጎ ይጠብቃችኋል። ጣውላም ቢሆን የተቆረጠው ፊት ውሃ ስለሚመጥ ቀለም ይፈልጋል።

ቀጥሎ ፍሬሙ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው እንጨት ሁለት ተመሳሳይ ፍሬም ሥሩ፣ አንዱ ለውስጥ አንዱ ለውጭ። ላሜራውን መሃል አድርጋችሁ በብሎን አጥብቋቸው። የብሎኑ ድፍን ራስ ወደ ውጭ፣ ዳዶው ወደ ውስጥ ይሁን። ይህን ካገላበጣችሁት ማንም ከውጭ ሆኖ ይፈታዋል።

ተወዛዋዡ መዝጊያ

ለዚህ ከሁሉ የሚመረጠው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ነው። ድመት ውጭ ማን እንዳለ ሳታይ ራሷን ማስወጣት አትወድም። ፕላስቲኩ ከጠፋ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ይሆናል። ላሜራ ግን አታድርጉ፤ ይከብዳታል፣ ሌሊቱን ሙሉም ሲንኳኳ ያድራል።

መዝጊያው ከቀዳዳው በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይነስ። ጠባብ ከሆነ ይነክሳል፣ ሰፊ ከሆነ ነፋስ ያስገባል።

አሁን ማጠፊያው። ተራ የበር ማጠፊያ የሚከፈተው ወደ አንድ ወገን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚሄድ ነው። እዚህ ላይ ጎሚስታው ቤት ጎራ በሉና የተጣለ የመኪና ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ጠይቁ። ከእሱ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በርዝመቱ ከመዝጊያው ስፋት ጋር እኩል የሆነ ቁራጭ አውጡ። የላይኛውን ግማሽ በፍሬሙ ላይ በቀጭን እንጨት ተጭናችሁ በቪቴ ያዙት። የታችኛውን ግማሽ ከመዝጊያው ጋር በትንንሽ ብሎን እሰሩት። በእንጨቱና በመዝጊያው መሃል የ4 ሚሊ ሜትር ያህል ጎማ ባዶውን ይታይ፤ የሚታጠፈው እሱ ነው። ፕላስቲኩን ስትበሱ ከሥሩ እንጨት አድርጉና ትራፓኖውን ቀስ አድርጋችሁ ግፉ፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ሲያልቅ በጣታችሁ ግፉትና ልቀቁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዞ መሃል ላይ ከቆመ ተሳክቷል። ዘይት አይፈልግም፣ ሲጥ አይልም።

ነፋስ እንዳያርገበግበው ማግኔት ያስፈልጋል። ቁራሌው ዘንድ ወይም ፍሪጅ ጠጋኝ ጋ የአሮጌ ፍሪጅ በር ጎማ ይገኛል። ውስጡን ብትሰነጥቁት ረጅም ለስላሳ ማግኔት ታገኛላችሁ። ከእሱ ቁራጭ በፍሬሙ የታችኛው ደፍ ላይ ለጥፉ፤ ትይዩውን መዝጊያው ላይ ቀጭን የብረት ቁራጭ አድርጉ። ማግኔቱ ከበረታባትና በራሷ ገፍታ መክፈት ካቃታት አሳጥሩት።

ደሴም ሆነ ከዚያ በላይ ደጋ ላይ ላላችሁ አንድ መዝጊያ ላይበቃ ይችላል። በሩን አልፎ ወደ ቤት የሚገባ የእንጨት ሣጥን አሠርታችሁ በሁለቱም አፉ መዝጊያ ብታደርጉ፣ መሃል ላይ የሚቀረው አየር ብርዱን ያግዳል። በሁለቱ መዝጊያዎች መሃል ያለው ርቀት ግን ከአንዱ መዝጊያ ቁመት መብለጥ አለበት። ያለዚያ አንዱ ሲከፈት ሌላውን ይመታዋል። ከውጭ በኩል ከላይ ትንሽ የቆርቆሮ ክንብል ብታክሉበት የጎን ዝናብ አይገባም።

ከውስጥ በኩል ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ጣውላ አዘጋጁለት፤ ድመቷ ሌሊት ቤት ካደረች ወይም መንገድ ስትሄዱ የሚዘጋ። ጅብ በዚህ ቀዳዳ አይገባም፣ ሸለምጥማጥ ግን በደንብ ይገባል። ዶሮ ቤት ውስጥ የምታሳድሩ ይህን ጣውላ ነገ አደርገዋለሁ አትበሉ። የሰፈር ወንድ ድመትም ሽታ ተከትሎ ይመጣል፤ ስለዚህ የድመቷን ሳህን ከበሩ ራቅ አድርጉት።

ድመቷን ማለማመድ

በጉልበት አትግፏት። አንዴ ከደነገጠች ያ ቀዳዳ ለእሷ ወጥመድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝጊያውን በሲባጎ ወደ ላይ አስራችሁ ተዉት፤ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ትልመደው። ቀጥሎ ሲባጎውን ላላ አድርጉት፣ ግማሽ ይሸፍን። ምግቧን ከወዲያ ማዶ አድርጋችሁ ጥሩ። የሐይቅ ቆሮሶ ቤት የገባ ቀን ከሆነማ የዓሣው ሽታ ከእናንተ በላይ ያሳምናታል። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ታወርዱታላችሁ። አንዳንዷ በሁለተኛው ቀን ትለምዳለች፤ አንዳንዷ ሳምንት ትኮራለች።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታወቅ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ያደነችውን አይጥ በነፍሷ ይዛ በዚያው በር ትገባለች። አንዳንዴ ሳሎን መሃል ትለቃታለች። ለዚህ መድኃኒት የለውም፣ ያው መጥረጊያ ይዞ መነሳት ነው።

እንደልቧ የምትወጣ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋታል። በሽታው በስሙ ለውሻ ይሰጥ እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ በንክሻዋም ወደ ሰው ይተላለፋል። በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ወይም ጎተራ አካባቢ የአይጥ መርዝ የምትጠቀሙ ከሆነም አቁሙ፤ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች። ለጎረቤትም ንገሩ።

ከመነዳሪው ፀሐይ እየመታው ይሰነጣጠቃል። መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣና በጋው ሲያልቅ እጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ስንጥቅ ከታየበት በአዲስ ቁራጭ ቀይሩት፤ ከዚያው ከመነዳሪ ትርፉን አስቀምጡ እንጂ አትጣሉት።