ፖላንድ ሲኖሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፤ በተለይ አገር ቤትን በሚመስለው ነገር ላይ

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ፖላንድ የሚመጡ ወገኖቻችን ስለ ብርዱ፣ በታኅሣሥ ወር ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚመሽበት ክረምትና ምላስ ስለሚያስተሳስረው ቋንቋ አስቀድመው ሰምተው ስለሚመጡ በእነዚህ ነገሮች ብዙም ሲጎዱ አይታዩም። ወፍራም ካፖርት ይገዛሉ፤ የማያውቁትን ይጠይቃሉ። አዲስ መጪዎችን ስንቀበል የኖርን ሰዎች ደጋግመን የምናየው ስህተት የሚሠራው ማንም በማይጠነቀቅበት በኩል፣ ፖላንድ አገር ቤትን በምትመስልበት በኩል ነው። ጾም የሚታወቅባት፣ እንግዳ የሚከበርባት፣ ታላቅ ሰው በአንቱታ የሚጠራባት፣ ጥሬ ሥጋ ሳይቀር ለማዕድ የሚቀርብባት አገር ናት። አዲሱ ሰው ይህን ሲያይ ልቡን ይጥላል፤ መጠየቅም ያቆማል።

የመጀመሪያው ስህተት «የጾም» የተባለውን ምግብ እንደኛ የጾም ምግብ አድርጎ መውሰድ ነው። ካቶሊኮቹ ፖላንዳውያን ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ በብዙ የሠራተኛና የተማሪ ምግብ ቤቶች ዓርብ ዓሣ የሚቀርበውም ለዚህ ነው። ረቡዕ ግን፣ ከዐቢይ ጾማቸው መግቢያ ረቡዕ በቀር፣ ለእነርሱ እንደ ማንኛውም ቀን ነው፤ «ፖስትኒ» (የጾም) ሲሉም ሥጋ የለበትም ማለታቸው እንጂ ቅቤ፣ ወተት፣ ዓይብና እንቁላል የለበትም ማለታቸው አይደለም። በአንድ የሁዳዴ ሰሞን አብሮኝ «ባር ምሌችኒ» የገባ ተማሪ የገጠመውን ልንገራችሁ። እነዚህ ባሮች መንግሥት ምግባቸውን የሚደጉምላቸው፣ ስማቸውን ከወተትና ከዱቄት ምግቦች ያገኙ ርካሽ ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ሰው ገንዘብ ተቀባዩዋ ዘንድ ከፍሎ፣ ደረሰኙን በመስኮት ሰጥቶ፣ ምግቡን ራሱ አንሥቶ፣ ሲጨርስም ሳህኑን ራሱ ይመልሳል። ልጁ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር «ፒየሮጊ ሩስኪዬ» የሚለውን መረጠ፤ ውስጡ ድንች መሆኑን ሰምቶ ነበር። የመጣለት ሳህን ላይ የተቀቀለው ሊጥ ያብረቀርቃል፤ ከላዩ የተበተነው ወርቃማ ፍርፋሪም የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት ይመስላል። ፍርፋሪው «ስክቫርኪ» ይባላል፤ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ የአሳማ ስብ ነው። ድንቹም ቢሆን «ትቫሩግ» ከሚሉት ዓይብ ጋር የተቦካ ነው። ልጁ ሁለተኛውን ጎርሶ ሳለ ነበር ያወቀው፤ ሹካውን አስቀምጦ የቀረውን ሰዓት ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ይህን ካየሁ በኋላ ለሚመጣ ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ የጾም ምግብ ለሚፈልግ ሰው የሚያስተማምነው ቃል «ቬጋንስኪ» ብቻ ነው። «ቬጌታሪያንስኪ» የተባለው ዓይብም እንቁላልም ሊኖርበት ይችላል። ዋርሶ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ፈጽሞ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች በብዛት ያሉባት ከተማ ስለሆነች ይህን ቃል የያዘ ጿሚ በከተማዋ አይራብም። አሳማ የማይበሉ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ደግሞ «ቪየፕሾቪና» የሚለውን ቃል ገና ከአውሮፕላን ሳይወርዱ ቢያውቁት ይበጃል፤ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። «ቮዎቪና» የበሬ ሥጋ፣ «ድሩብ» የዶሮና የመሰሎቿ ሥጋ ነው። የተፈጨ ሥጋ ብዙ ጊዜ የበሬና የአሳማ ቅልቅል ሆኖ ይሸጣልና ማሸጊያውን ሳያነቡ አይግዙ። ምግብ ሳይመጣ ከዳቦና ከኮመጠጠ ኪያር ጋር በትንሽ ሸክላ በነጻ የሚቀርበው ነጭ ቅባት «ስማሌትስ» የሚባል የአሳማ ጮማ ነው። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ባለው «የሰባ ሐሙስ» አገሩ ሁሉ የሚበላው «ፖንችኪ» የተባለው ጣፋጭ ብስኩትም በጥንቱ ወግ የሚጠበሰው በዚሁ ጮማ ነው። ስለዚህ ጣፋጭ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «ዡሬክ» ነው። «ራይ» ከሚባለው ስንዴ መሰል እህል ዱቄት ለቀናት ቦክቶ የሚሠራ ሾርባ ሲሆን ሽታው ልክ የእንጀራ ሊጥ ቡሃቃ ሲከፈት እንደሚሸተው ነው። አገሩን የናፈቀ ሰው ያንን ሽታ ሲያገኝ ፊቱ ይበራል፤ ሳይጠይቅም ያዝዛል። ውስጡ ግን እንቁላልና ነጭ ቋሊማ አለ፤ ቋሊማው የአሳማ ነው፤ መረቁም አብዛኛውን ጊዜ በጢስ ከደረቀ ሥጋ የወጣ ነው። በአንጻሩ «ታታር» የሚባለውን ፈርቶ የሚተው የክትፎ ወዳጅ አለ፤ እርሱ ግን በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ ከእንቁላል አስኳል፣ ከሽንኩርትና ከኮመጠጠ ኪያር ጋር ይቀርባል፤ በደህና ምግብ ቤት ሊያዙት ይችላሉ። ከሱቅ የሚገዛውና ዳቦ ላይ የሚቀባው «ሜትካ» ግን ጥሬም ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የገና ዋዜማ ነው። ታኅሣሥ 15 ገደማ ላይ በሚውለው በዲሴምበር 24 ምሽት፣ «ቪጊሊያ» በሚሉት ማዕድ፣ ፖላንዳውያን የሥራ ባልደረባቸውን ወይም ብቸኛውን የውጭ ተማሪ ቤታቸው ይጠራሉ፤ ለማይታወቅ እንግዳም አንድ ሳህን ባዶውን ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ እራት ይጀመራል፤ በወጉ ዐሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ይቀርባል፤ ሥጋ የለም። ይህን የሰማ ሐበሻ በነቢያት ጾም መካከል መሆኑን አስቦ ደስ ይለዋል። ሆኖም በማዕዱ ላይ በክሬም የራሰ ዓሣና በቅቤ የተጠበሰ ካርፕ አለ። ለኛ ጿሚ የሚመቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአተር ጋር የተሠራው ጥቅል ጎመን፣ የደረቀ ፍሬ ተቀቅሎ የሚጠጣው «ኮምፖት» እና ሥጋ ያልገባበት የቀይ ሥር መረቅ ነው። ስለ ጾምዎ ለጋባዥዋ ከቀናት በፊት ይንገሯት፤ ምግቡ ከቀረበ በኋላ መንገር ግን ቀኑን ሙሉ ስታበስል የዋለችን እናት ማሳዘን ይሆናል።

ከዚህ የሚከፋው ግን «ኦፕዋቴክ» ሲታደል የሚደርሰው ድንጋጤ ነው። ከእራቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው ስሱንና ነጩን ቂጣ ይዞ እየዞረ ከሌላው ቂጣ ቁራሽ ይቆርሳል፤ ጤናና መልካም ዓመትም ይመኝለታል። መልኩ የካቶሊኮችን ቅዱስ ቁርባን ስለሚመስል ወገኖቻችን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ አንዳንዶቹም ከክፍሉ ይወጣሉ። ቂጣው አልተቀደሰም፤ ቁርባን አይደለም፤ የሚታደለውም ለይቅርታና ለምርቃት ነው፤ ሃይማኖት የሌላቸው ፖላንዳውያን እንኳ ይቋረሱታል። ሊበሉት ካልፈለጉ ቆርሰው በእጅዎ ይያዙት። ምርቃቱን እምቢ ማለት ግን ቤተሰቡን በዓመቱ ትልቅ ሌሊት ማስቀየም ነው።

አሁን ወደ አነጋገር ልግባ፤ በዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ ወጣት የአባቱን እኩያ አገር ቤት «አንተ» ብሎ ለመጥራት አፉ አይታዘዝለትም፤ እዚህ ሲደርስ ግን የጽሕፈት ቤቱን አዛውንት፣ ሐኪሟንና የዩኒቨርሲቲ መምህሩን ሁሉ ያለ አንዳች ማመንታት አንተና አንቺ ይላል። ከየት አመጣው? ቋንቋውን የለመደው መጋዘን ውስጥ አብረውት ዕቃ ከሚያነሡ ወጣቶችና ከእኩያ ተማሪዎች ስለሆነ ነው። በፖላንድኛ የማያውቁትን አዋቂ ወንድ «ፓን»፣ ሴትን «ፓኒ» ማለት ግዴታ ነው፤ ግሡም እንደ እርሱና እንደ እርሷ ይረባል። «አለህ?» ለማለት «ማሽ» የሚለው ለጓደኛ ብቻ ነው፤ ለሌላው «ቺ ማ ፓን» ይባላል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ሊከብድ አይገባም ነበር፤ እርስዎ ማለትን ከእናት ጡት ጋር የጠባ ሕዝብ በዚህ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው እጅግ ልቆ መገኘት ነበረበት። ስህተቱ ዝም ብሎ ይታለፋል ብለው ለሚያስቡ ልንገራቸው፤ ይታለፋል፤ ማንም አይቆጣም። ነገር ግን ጸሐፊዋ ፊቷ ይጠቁራል፤ ልትረዳ ያሰበችውን ነገር ትተዋለች፤ «አንድ ሰነድ ጎድሏል» ብላ ትመልሳለች፤ ልጁም «ዘረኛ ናት» እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዘረኝነት በእርግጥ አለ፤ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ካለው ጋር ሲቀላቀል ግን እውነተኛውን ለይቶ መናገር ያቅታል። ለመምህር በሚጻፍ ደብዳቤ ደግሞ «ሻኖቭና ፓኒ» ወይም «ሻኖቭኒ ፓኒዬ» ተብሎ ይጀመራል፤ ማዕረጉም አብሮ ይጠራል። ከኢንተርኔት ተገልብጦ የሚጻፈው «ቪታም» ባለቤት እንግዳውን የሚቀበልበት ቃል ስለሆነ ብዙ መምህራንን ያስቆጣል። «አንተ በለኝ» የሚለውን ግብዣ ማቅረብም የታላቁ ወይም የሴቲቱ ድርሻ ነው፤ እስኪባሉ ይጠብቁ።

ሌሎቹ የቋንቋ ወጥመዶች አጫጭር ናቸው። እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮ «ኖ» ሲባል አይደለም የተባለ ይመስለዋል፤ ፖላንዳዊ በወሬ መካከል «ኖ» ሲል «አዎ» ማለቱ ነው። በምግብ ቤት ብር ሲሰጡ «ጄንኩዬ» ካሉ አስተናጋጁ «መልሱን ያዝ» እንደተባለ ይቆጥረዋል፤ ለአንድ ሾርባ መቶ ዝሎቲ ሰጥቶ ያመሰገነ ሰው መልሱን ሲጠብቅ ቆይቶ የተጣላበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ መልስ ከፈለጉ ምስጋናውን መልሱ እጅዎ እስኪገባ ያቆዩት። ስለ ሰዓት ደግሞ በስድስት ሰዓት ልዩነት ማስላት ብቻ አይበቃም፤ «ፍፑው ዶ ሹስቴይ» ሲባል ለስድስት ግማሽ ይቀራል፣ ማለትም አምስት ተኩል ነው፤ በዚህ ምክንያት ቃለ መጠይቅ ላይ ድፍን አንድ ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ሰው አለ።

ቤት ሲጋበዙ በሰዓቱ ይድረሱ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ በደፍ ላይ እጅ አይጨበጥም። አበባ ከያዙ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ ጥንድ ቁጥር ለቀብር ነው፤ ክሪሳንተመም የተባለው አበባም በኖቬምበር 1 መቃብር ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ለሰው ቤት አይወሰድም። «እንግዳ ቤት ሲገባ እግዚአብሔር ቤት ይገባል» የሚል ተረት አላቸው፤ የእግዜር እንግዳ ለምንል ሰዎች ይህ ልብ የሚያሞቅ ነው። ይሁንና ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው መብላት እዚህ፣ በተለይ በወጣቶች ዘንድ፣ አይሠራም፤ አንዴ አልፈልግም ካሉ ሳህኑ ይነሣል። ቡና በቤትዎ ሲያፈሉ ደግሞ የሚቆሉት ቡና ጢስና ዕጣኑ በጋራ የአየር መውጫ በኩል ጎረቤት ዘንድ እንደሚገባ ያስቡ፤ መስኮት ይክፈቱ፤ አስቀድመው ጎረቤትዎን ቢጠሩ ደግሞ ምንም ዓይነት አቤቱታ አይመጣም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ጭፈራ የለም።

የትራም ትኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ እንደ ተሳፈሩ በማሽኑ ማስመታት ያስፈልጋል፤ ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል። ተማሪ እስከ 26 ዓመቱ በባቡር የ51 በመቶ ቅናሽ አለው፤ መታወቂያው በየሴሚስተሩ ካልታደሰ ግን ቅናሹ ወደ ቅጣት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በጠበቀው ሕግ ምክንያት ከጥቂት እሑዶች በቀር ትልልቅ ሱቆች እሑድ ዝግ ናቸው፤ ቅዳሜ ይሸምቱ።

ቤት ሲከራዩ በማስታወቂያው የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ የሚከፈለው ብቻ ነው፤ «ቺንሽ» የሚባለው የሕንፃው ወርኃዊ ክፍያና የመብራቱ ሒሳብ በላዩ ይጨመራል። «ናየም ኦካዝዮናልኒ» የተባለው ውል ከተጠየቁ ከቤቱ ቢወጡ የሚያስጠጋዎት ሌላ ቤት አድራሻና የዚያ ቤት ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አገሩ ውስጥ ማንም ለሌለው ሰው ይህ ከባድ ስለሆነ ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ። በዚያው ባለቤቱ አድራሻዎን ለማስመዝገብ ይፈቅድ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ሲመዘገቡ ዐሥራ አንድ አኃዝ ያለው «ፔሴል» ቁጥር ያገኛሉና። ሐኪም የሚያዝዝልዎት መድኃኒት እንኳ ፋርማሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በባለ አራት አኃዝ ኮድና በዚህ ቁጥር ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ሕጋዊ ቆይታዎ ከማለቁ በፊት መግባት አለበት። በጊዜው ከገባና አስፈላጊው ሁሉ ከተሟላ ውሳኔው እስኪመጣ እዚያው በሕጋዊነት መቆየት ይቻላል፤ ነገር ግን ማመልከቻ ስለማስገባትዎ የሚሰጥዎት ማረጋገጫ ከአገር ወጥተው እንዲመለሱ አይፈቅድም፤ ወደ ሌላ የሼንገን አገር እንዲሄዱም አያስችልም። ለእኅቱ ሠርግ ወይም ለለቅሶ ይህን ወረቀት ብቻ ይዞ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሴሚስተሩም እርሱ እዚያ ሳለ ያልፋል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የመኖሪያ ፈቃድ ካርድዎ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ፤ ካርዱ ሊያልቅ ተቃርቦ ከሆነም አስቀድመው የውጭ ዜጎችን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ።