ለ14,000 ብር ልደታ ላለመመላለስ፦ በስልክ ስንደራደር የምንሠራቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ላለ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ቁም ሳጥን አዘዝኩ። ዋጋው 38,000 ብር። የካቲት 20 ቀን 14,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። «በሁለት ሳምንት ይደርሳል» አለኝ። ሁለት ወር ሆነው። ስደውል «ነገ» ይላል። ስጽፍለት አንብቦ ዝም።

ጓደኞቼ «ክሰሺው» አሉኝ። ለ14,000 ብር ክስ ማጻፍ፣ መጥሪያ ማድረስ፣ በየቀጠሮው ከሥራ ቀርቶ ልደታ ፍርድ ቤት መመላለስ። ክረምት ከገባ ደግሞ ፍርድ ቤት በከፊል ይዘጋል። ካናዳ ውስጥ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ጭቅጭቅ በኦንላይን የሚታይበት ራሱን የቻለ ችሎት አላቸው። እኛ ያለን ቴሌግራም፣ ቴሌብርና ሽማግሌ ነው። በእነሱው ጨረስነው። ግን ከ14,000 የተመለሰልኝ 9,000 ነው። 5,000ውን የበላው እሱ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ስህተቴም አለበት።

«ቀብድ» ብሎ አለመጻፍ

ብሩን በላክሁ ጊዜ የምን ገንዘብ እንደሆነ አልጻፍኩም። ከቴሌብር (127) የመጣው መልእክት የሚለው ስንት ብር ለማን እንደሄደ ነው። ለምን እንደሄደ አይናገርም። በኋላ ሰውዬው «ቀብድ አይደለም፣ የእንጨት መግዣ ነው፤ በግድግዳሽ ልክ ቆርጬዋለሁ» ሲል የምመልሰው አጣሁ።

ቃሉ ደግሞ ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። አንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሰው ቢተው እጥፉን ይመልሳል ይላል። የእኔ 14,000 ቀብድ ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ድርድሩን ከ28,000 ነበር የምጀምረው። ቢላዋው ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ሐሳቤን እቀይር ይሆናል የምትሉ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ብትተዉት ተመላሽ መሆኑንም ጨምሩ።

ሥራው አንድ መስመር ነው። ብሩን እንደላካችሁ ወዲያው «ለቁም ሳጥኑ ቀብድ 14,000 ብር ልኬያለሁ፣ የግብይት ቁጥሩ ይኸው» ብላችሁ ጻፉለት። «ደርሶኛል» እስኪል ጠብቁ። ብሩ ገና ትኩስ ሳለ ማንም «ደርሶኛል» ለማለት አይሰስትም።

ቻቱ የትም አይሄድም ብሎ ማመን

ሰውዬው መጻፍ አይወድም። ሁሉ ነገር በድምጽ ነው። «እስከ ፋሲካ ካላደረስኩልሽ ገንዘብሽን እመልሳለሁ» ያለበት የ23 ሰከንድ ድምጽ ነበረኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከፍቼ ሳየው የለም። ቴሌግራም ከ2011 ጀምሮ አንዱ ወገን የፈለገውን መልእክት፣ የቆየም ቢሆን፣ ከሁለቱም ስልክ ላይ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል።

ስክሪንሾት ነበረኝ። የሚታየው ግን የመጫወቻ ምልክቱ፣ የድምጹ መስመርና «0፡23» የሚል ቁጥር ነው። ምን እንዳለ ማን ይወቅልኝ?

ድምጽ ሲላክላችሁ ወዲያው በጽሑፍ መልሱት፦ «እስከ ፋሲካ ካላደረስክ እንደምትመልስ ሰምቻለሁ፣ ልክ ነኝ?» ቁም ነገር ያለበትን ቻት ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ገብታችሁ፣ ኤክስፖርት የሚለውን ተጭናችሁ፣ ከነድምጹና ከነቀኑ አውርዱት። ስልክ ቁጥሩንም ያዙ። የተጠቃሚ ስምና ፎቶ በአንድ ደቂቃ ይቀየራሉ።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ፣ ቁጥር 1205/2012፣ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። ለብድር ግን በቻት ብቻ አትተማመኑ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፤ ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ የሚበላበት ነው። «ሲቀበለኝ እገሌ አይቷል» አያዋጣም። ወረቀት፣ ፊርማ፣ ምስክሮች። ጓደኛ ቢቀየም ይቀየም።

ቀን የሌለው ጥያቄ

«መቼ ነው የምታደርሰው?» ብዬ ቢያንስ 15 ጊዜ ጽፌያለሁ። ይሄ ልመና እንጂ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ሕጉ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይፈልጋል። ጠበቃ የሆነች የአክስቴ ልጅ ያጻፈችኝ ይህን ነው፦

«ሰላም ወንድሜ። የካቲት 20 ቀን 14,000 ብር ልኬልሃለሁ። ቁም ሳጥኑ በሁለት ሳምንት ሊደርስ ተስማምተን ነበር። እስከ ግንቦት 10 ካልደረሰ ውሉን ትቼ ገንዘቤን እጠይቃለሁ።»

ስድብ የለም፣ ማስፈራሪያ የለም። ለ15ቱ «መቼ ነው?» ያልመለሰው ሰው ለዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደወለልኝ።

ቲክቶክ ላይ «ሌባ» ማለት

አጭር ነው። አታድርጉት። እኔም ፎቶውን አዘጋጅቼ፣ ልለጥፈው ስል ነው የአክስቴ ልጅ የያዘችኝ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ፣ ቁጥር 958/2008፣ የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ነገር በኢንተርኔት ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 30,000 ብር ቅጣት ወይም ሁለቱንም ያመጣል። 14,000 ልትቀበሉ ወጥታችሁ 30,000 ከፍላችሁ ልትገቡ ነው።

ሽማግሌው ምን እንደሆነ አለመጠየቅ

የሰፈራችን አንድ ጋሼ ቴሌግራም ላይ የአራት ሰው ግሩፕ ከፈቱ። እሳቸው፣ ሌላ ሽማግሌ፣ እኔና ሰውዬው። ሰላምታና ምርቃቱ ካለቀ በኋላ «የምንወስነውን ትቀበላላችሁ?» ብለው ጻፉ። እኔ የአውራ ጣት ምልክት ላክሁ። ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል?

አስታራቂ ያቀራርባል፤ ካልተስማማችሁ ትተዉታላችሁ። የግልግል ዳኛ ግን ይወስናል፣ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሁለቱም በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የተለያየ ሥርዓት አላቸው። ደግነቱ የእኛ ጋሼ ሊያስታርቁን ነበር የገቡት። ሆኖም ምን እንደፈቀድኩ ሳላውቅ ነው ጣቴን ያነሳሁት። «ጋሼ፣ ሊያስታርቁን ነው ወይስ ሊወስኑልን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እግረ መንገዴን፦ ፍቺ፣ ግብርና የወንጀል ጉዳይ በግልግል ዳኛ አይወሰኑም።

ብሩ ሳይገባ «ይብቃኝ» ማለት

ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው። ሽማግሌዎቹ እንጨቱ በእኔ ልክ መቆረጡን አይተው 9,000 ይመለስላት አሉ፤ 5,000 አሁን፣ 4,000 በሰኔ። እኔም ግሩፑ ላይ «ለሰላም ስል 9,000 ይበቃኛል» ብዬ ጻፍኩ። 5,000ው ገባ። ሰኔ አለቀ፣ 4,000ው የለም። ተናድጄ «እንዲያውም 14,000ውን አምጣ» ስለው የራሴን መልእክት መልሶ ላከልኝ።

ልክ ነበር። ሁለት ሰዎች እየተቻቻሉ ክርክራቸውን የሚዘጉበትን ስምምነት የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ፣ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያየዋል። መጻፍ የነበረብኝ እንዲህ ነው፦ «4,000ው እስከ ሰኔ 15 ካልገባ ይህ ስምምነት ይፈርሳል፤ ከ14,000ው ላይ የተከፈለው ተቀንሶ ሙሉው ቀሪ ይጠየቃል።» እሱም «ተስማምቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ እንዲመልስ ማድረግ ነበረብኝ።

ጊዜውን መርሳት

እንዲህ ላለ የውል ክርክር በአብዛኛው 10 ዓመት አላችሁ፤ አያስቸኩልም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ ጎረቤት ግድግዳችሁን ቢያፈርስ፣ 2 ዓመት ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን 6 ወር ብቻ ነው። አለቃችሁ በቴሌግራም «እናያለን» እያለ 6 ወሩን ሊያስጨርሳችሁ ይችላል። ዕዳውን ማመኑ ወይም ከፊሉን መክፈሉ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። «እናያለን» ግን ዕዳ ማመን አይደለም።

4,000ው ሐምሌ 3 ቀን ገባ። በማግሥቱ ሰውዬው ጻፈልኝ፦ «እህቴ፣ ቁም ሳጥኑ እኮ አልቋል። ትፈልጊዋለሽ?» «አሁን ስንት ነው?» አልኩት። በድምጽ መለሰልኝ። ሳልከፍተው «ጻፍልኝ» አልኩት።